ሶኬቱ የት ይሁን ከማለት በፊት አልጋው የት ይሁን

ጤና ይስጥልኝ እኅታችን። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የባለ አንድ ፎቅ ቤትዎ ብሎኬት ተገንብቶ ጣሪያው መልበሱን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው በሚቀጥለው ሳምንት ቱቦ ሊቀብር በመሆኑ «የሶኬቱንና የመብራቱን ቦታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉልኝ» ማለቱን፣ እርስዎ ግን ገና አንድም የቤት ዕቃ ስላልገዙ የሚመልሱለት አጥተው መቸገርዎን ነግረውናል። እኛም በዚያች ሳምንት ቸኩለን የሰጠነውን መልስ እስከ ዛሬ እየኖርንበት ስለሆነ፣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

ዕቃውን አሁን መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ ቦታውን ግን አሁን መወሰን ይኖርብዎታል። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሶፋው፣ ምጣዱና ማቀዝቀዣው የት እንደሚቆሙ ከታወቀ፣ ሶኬቱ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በራሱ ይመለሳል። ባለሙያውን ሌላ አንድ ሳምንት ማስታገሥ ቢጠይቅዎት እንኳ ያስታግሡት እንጂ በግምት ምልክት አያድርጉ።

እኛ አዲስ አበባ ዳር ላይ ቤታችንን የጀመርነው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን የገባንበት በ2011 ዓ.ም. ነው። ሳሎናችን 6 ሜትር በ4 ሜትር ከ50 ነው፤ በፕላኑ ላይ ስናየው ሰፊ ነበር። ይሁን እንጂ ዋናው መግቢያ፣ ወደ በረንዳ የሚያወጣው በር፣ ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚወስደው መተላለፊያና እስከ ወለሉ የወረደው ትልቅ መስኮት አራቱን ግድግዳዎች ተካፍለዋቸው ስለነበር፣ ልስኑ አልቆ ሶፋ ልናዝ ስንለካ ጀርባውን የምናስጠጋበት አንድ ሙሉ ግድግዳ አጣን። በመጨረሻ የተገጠመውን የበረንዳ በር አውጥተን ክፍተቱን በብሎኬት ደፈንነው፤ ልስኑና ቀለሙም እንደገና ተሠራ። ብሎኬቱ በሚገነባበት ጊዜ ባዶው ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ቆመን ብናስብ ኖሮ ይህን ሁሉ ወጪ ባላወጣን ነበር።

ስለዚህ ሠራተኞቹ በሌሉበት ቀን ጠመኔና ሜትር ይዘው ቤተሰቡን ሁሉ አስከትለው ይግቡ። ወለሉን ካስጠረጉ በኋላ እያንዳንዱን ዕቃ በልኩ ሲሚንቶው ላይ ይሣሉት። ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ርዝመቱ ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለባልና ሚስት የሚሠራው አልጋ ፍራሹ ብቻ 1 ሜትር ከ60 ወይም 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር ነው። ቁም ሳጥን 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል፤ በሩ በመታጠፊያ የሚከፈት ከሆነ ከፊቱ ሌላ 60 ሳንቲ ሜትር ነፃ ቦታ ያስፈልገዋል። ከምግብ ጠረጴዛው ዳር እስከ ግድግዳው 80 ሳንቲ ሜትር ካልተረፈ ወንበር ስቦ መነሣት አይቻልም። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በመስመሮቹ መካከል ይራመዱ፤ በሮቹ በየት በኩል እንደሚከፈቱም በእጅዎ እየገፉ ያስቡ። የእኛ የልጆች ክፍል መስኮት በግድግዳው መካከል ላይ በመሆኑ፣ ግራና ቀኙ 1 ሜትር ከ10 እየሆነ ቁም ሳጥንም አልጋም በወጉ የማይገባበት ሆኖ ቀርቷል። መስኮቱ ወደ አንድ ወገን 60 ሳንቲ ሜትር ቢጠጋ ኖሮ ሁለቱም ይገቡ ነበር።

በሐረር የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሳሎኑ ነደባ የሚባሉ፣ ከፍታቸው የሚለያይ አምስት የመቀመጫ መደቦች አሉት፤ ሽማግሌው፣ እንግዳውና ወጣቱ የት እንደሚቀመጡ ከግንባታው ጋር ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። በሌላው አገራችንም የጭቃው መደብ ከግድግዳው ጋር አብሮ ነበር የሚሠራው። እኛ ግን ባዶ ሣጥን ገንብተን፣ መቀመጫውን ከሱቅ ገዝተን ልናስገባበት እንሞክራለን። የቀድሞዎቹ አሠራር ትክክል እንደ ነበር የገባኝ እናቴን ይዤ ወደ ግንባታው በሄድኩ ዕለት ነው።

እናቴ ባዶው ሳሎን ውስጥ ገብታ ዙሪያውን ካየች በኋላ «ቡናው የት ነው የሚፈላው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዱን ብሎኬት አጋድማ ተቀመጠችበት፤ ከፊቷ ረከቦት እንዳለ አድርጋ እጇን ዘርግታ ለካች፤ ከዚያም ተነሥታ ብሎኬቱን ወደ ሌላ ማዕዘን ወሰደችው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ረጋች። ከዚያ ሆና መግቢያውን ታያለች፣ ከሶፋው የሚቀመጡትን እንግዶች ፊት ለፊት ታገኛለች፣ ከበስተቀኟ ያለው መስኮት ደግሞ የከሰሉንና የዕጣኑን ጭስ ያወጣል። ያንን ማዕዘን 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 አድርገን ለቡና ተውነው። ቀሪው የሳሎን ወለል በእንጨት መልክ በተሠራ ላሚኔት ሲሸፈን ያ ቦታ በሴራሚክ ተነጠፈ፤ ምክንያቱም ፍም ቢወድቅበት አይቃጠልም፣ እርጥብ ቄጤማ ቢጎዘጎዝበትም አይነፋም። ከበላዩ ያለውን ኮርኒስ በየጊዜው ሊታጠብ በሚችል ቀለም ቀባነው። በቤታችን ውስጥ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው ይህንን ማዕዘን ነው፤ ከመደበኛው ሥራ ውጭ የወጣበት ገንዘብ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከሳሎን ይልቅ ስሕተቱ የሚከብደው ግን ማድ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፒር መሆኑ ነው። ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና 16 አምፒር ብሬከር ለዚህ የታሰበ አይደለም። ጋጋሪዋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትጋግር ሶኬቱ የሚግለው፣ ቀስ በቀስም የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ቦርድ ጀምሮ የራሱ ብቻ የሆነ መስመር፣ ቢያንስ የ4፣ ቢቻል የ6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ከዚሁ ጋር የሚመጣጠን የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት መስመር ይጠይቁ። የውሃ ማሞቂያውም እንዲሁ የራሱ መስመር ይኑረው። ባለሙያው «በአንድ መስመር ይሄዳል» ካለዎት፣ ቱቦው ሳይቀበር በፊት ሌላ ባለሙያ ያማክሩ።

ምጣዱ የሚቀመጥበት ከፍታ ደግሞ ማንም የማያነሣው ጉዳይ ነው። የማድ ቤት መደርደሪያ በተለምዶ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይሠራል፤ ለመክተፍና ለማጠብ ይመቻል። ምጣዱን ከነእግሩ እዚያ ላይ ሲያስቀምጡት ግን የሚጋገርበት ፊት ከ1 ሜትር በላይ ይወጣና፣ ሊጡን በክብ የምታዞረው ሰው ክንዷን ወደ ላይ አንሥታ እንድትሠራ፣ አክንባሎውን ስትከፍትም እንፋሎቱ ፊቷን እንዲመታት ያደርጋል። እኛ ይህን የተረዳነው ቤት ከገባን ከስምንት ወር በኋላ፣ ባለቤቴ ትከሻዋን መታመም ስትጀምር ነው። መደርደሪያው ተሰብሮ 65 ሳንቲ ሜትር ላይ እንደገና ተሠራ፤ ከበስተኋላውም እንፋሎቱን የሚያወጣ መስኮት ተከፈተ። እርስዎ ከመወሰንዎ በፊት እንጀራ የሚጋግረው ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቁና፣ ብሎኬት ደራርበው ምጣዱን አስቀምጠው በዚያ ሰው ቁመት ይለኩት።

ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ ጋር ክፍት አድርጎ መሥራት አሁን በስፋት ይታያል። ለሻይና ለቁርስ ያምራል። ነገር ግን ቀይ ሽንኩርት ለረጅም ሰዓት በሚቁላላበት፣ በርበሬና ቅቤ በሚነጠርበት ቤት ውስጥ ሽታው መጋረጃውና ሶፋው ላይ ለቀናት ያድራል። ክፍቱን ወጥ ቤት ከወደዱት ይሥሩት፤ ሆኖም የሰርቪሱን ማድ ቤት አያስቀሩ፤ ዋናው ምግብ የሚበስለው እዚያ ነውና። በተጨማሪም ለጤፍ፣ ለበርበሬና ለሽሮ የሚሆን፣ ፀሐይ የማይገባበት ግን አየር የሚተላለፍበት ጓዳ ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር ይተዉ። ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ቢሠሩለት ኩንታሉ እርጥበት አይስብም።

ሌላው በዚሁ ሳምንት መወሰን ያለበት፣ በግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ከባድ ዕቃ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። 80 ሊትር የሚይዝ የውሃ ማሞቂያ ሲሞላ ከራሱ ክብደት ጋር 100 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ይህን በሁለት ፊሸር (ብሎን በሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ባዶ ብሎኬት ላይ ማንጠልጠል አደገኛ ነው። የማሞቂያው፣ የላይኛው የኪችን ካቢኔትና የትልቁ ቴሌቪዥን ቦታ ከወዲሁ ከታወቀ፣ በዚያ ከፍታ ላይ ያሉት ብሎኬቶች ውስጣቸው በኮንክሪት እንዲሞላ ያድርጉ። ግንበኛው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ታንከሩም እንደ ዕቃ ቦታው ይታሰባል። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ስለሚመዝን የሚቆምበት ቦታ በመሐንዲሱ ስሌት ውስጥ መግባት አለበት። ግፊቱ ደግሞ የሚገኘው ከከፍታው ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ በመሆኑ፣ ታንከሩ ከላይኛው ፎቅ ሻወር በ2 ሜትር ብቻ ከበለጠ ውሃው በደካማው ይወርዳል እንጂ ኃይል አይኖረውም። ወይ ከፍ ይበል፣ ወይ ለግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ሶኬት ከአሁኑ ይዘጋጅለት።

የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በተመለከተ፣ የውሃ መከላከያው ከተቀባ በኋላ መውረጃውን ደፍነው ውሃ ሞልተው 48 ሰዓት ያቆዩትና፣ ከታች ያለውን ክፍል ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ይመልከቱ። ከዚህ በፊት ሴራሚክ አያስነጥፉ። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክም ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም፤ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል።

ስለ መስኮትና ፀሐይ ጥቂት ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዘውም በእነዚሁ ወራት ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ክፍሎች በዚያ ጊዜ ይሞቃሉ፤ ሽማግሌ ወይም ሕፃን የሚተኛበትን ክፍል ከእነዚህ አንዱ ያድርጉት። ወደ ምዕራብ የተከፈተ ሰፊ መስታወት ግን ከሰዓት በኋላ ዓይን ስለሚወጋ፣ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። መጋረጃ ካነሣን ደግሞ፣ የጂፕሰም ኮርኒሱ ከመሠራቱ በፊት ከመስኮቱ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የመጋረጃ ቦታ እንዲተውልዎ ይንገሩ።

ደረጃ ሳይወጣ በሚደረስበት ምድር ቤት ላይ አንድ መኝታ ክፍልና ከሻወር ጋር የተሟላ አንድ መታጠቢያ ቤት እንዲኖርዎት አጥብቄ እመክራለሁ። እናቴ ጉልበቷን በታመመችበት ዓመት ደረጃው ምን ያህል እንደሚርቅ አይቻለሁ። ግቢውም ቢሆን ሠርግም ለቅሶም የሚያስተናግድ ነው፤ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ፣ የውጭ ቧንቧ፣ የውጭ መጸዳጃ ቤትና ከቤቱ ውጭ ግድግዳ ላይ ውሃ የማያስገባ ሁለት ሶኬት ይኑረው።

ዕቃውን በተመለከተ አይቸኩሉ። አልጋ፣ የምግብ ጠረጴዛና ምጣድ ካለዎት ይግቡ፤ ሌላው እየኖሩ ይሟላል። ጠረጴዛውንና ቡፌውን ከደረቀ ዋንዛ ቢያሠሩ ለልጆችዎ ያወርሱታል፤ እንጨቱ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን በበጋው ይሰነጠቃል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ለቁም ሳጥን ይበቃል፤ ለመታጠቢያ ቤት በርና ለዕቃ ማጠቢያው ሥር ካቢኔት ግን ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ አይጠቀሙበት። ገንዘብ ካጠረዎት ከጂፕሰም ጌጡና ከተደበቁት መብራቶች ይቀንሱ፤ ከሽቦ፣ ከቧንቧና ከውሃ መከላከያ ግን አይቀንሱ። የመጀመሪያዎቹን በማንኛውም ዓመት መጨመር ይቻላል፤ ሁለተኛዎቹን ለመቀየር ግን ግድግዳ ይፈርሳል።

ቱቦውና ቧንቧው ተቀብሮ ካለቀ በኋላ፣ ልሳኙ ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስጠግተው ፎቶ ያንሡ። ሜትሩ ከወለሉና ከማዕዘኑ ያለውን ርቀት የሚያሳይ ይሁን፤ ፎቶውንም በክፍሉ ስም ያስቀምጡት። እኛ ይህን ሳናደርግ ቀርተን፣ መስታወት ልንሰቅል ስንበሳ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ወግተነዋል። የሣሉትን የወለል ሥዕል ፎቶ ወይም የክፍሎቹን ልክ እዚህ ቢለጥፉልን፣ እኔም ሌሎች አባላትም እያንዳንዱን ክፍል አይተን የምናስበውን እንጽፍልዎታለን።