ከ22 በኋላ ጋላክሲዎቹ የት ጠፉ?

ከሀዋሳ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን መመረቂያ ጽሑፍ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ከስሎን የሰማይ ዳሰሳ (ሰማዩን በቴሌስኮፕ አንስቶ የሚመዘግብ ፕሮጀክት ነው) ዳታ አውርደሽ ጋላክሲ እየቆጠርሽ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆይቶ 22ኛው ማግኒቲዩድ (የብሩህነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ይደበዝዛል) ላይ ቁልቁል ወረደብሽ። «ሩቅ ያሉት ጋላክሲዎች ጥቂት ናቸው ማለት ነው?» ነው ያልሽው። አይደለም። እንዳትጽፊው! እኔ ጽፌው አራት ወር ከስሬበታለሁ።

1. ገደቡን በደንብ አንብቢ። የዳሰሳው ሰነድ በአር ፊልተር (ቀዩን ብርሃን በሚያሳልፈው) እስከ 22.2 ድረስ 95 በመቶውን እንይዛለን ይላል። እኔም አምኜ እስከዚያ ያለውን ሁሉ ቆጠርኩ። ልብ ያላልኩት ነገር፣ ቁጥሩ እንደ ነጥብ ለሚታዩ ነገሮች፣ ማለትም ለከዋክብት መሆኑን ነው። የጋላክሲ ብርሃን የተበተነ ስለሆነ ቀደም ብሎ ከሰማዩ ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ይህን አማካሪዬ አልነገረኝም። የነገረኝ የውጭ ፈታኙ ነው፤ ያውም ዲፌንስ ላይ፣ ሰው ፊት። ጣቱን ግራፉ ጫፍ ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ያለቀው ጋላክሲው ነው ወይስ የቴሌስኮፑ አቅም?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ስለዚህ ስትራይፕ 82ን ተጠቀሚ። ከምድር ወገብ ትይዩ ያለች ጠባብ የሰማይ ሰቅ ናት። ደጋግመው አንስተው ምስሎቹን ስለደመሯቸው፣ ከአንድ ዙር ምስል ወደ 2 ማግኒቲዩድ የሚደበዝዝ ነገር ይታይባታል። እዚያ ካሉት ጋላክሲዎች ውስጥ በአንዱ ዙር ስንቱ እንደተገኘ በየግማሽ ማግኒቲዩዱ አስዪ። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ 21 ላይ ቆረጥኩት።

2. የሚያስፈልግሽን ዓምድ ብቻ አውርጂ። ቦታውን፣ ብሩህነቱን፣ ዓይነቱን (3 ጋላክሲ ነው፣ 6 ኮከብ)፣ የአቧራውን ቅናሽ። የእኛው ጋላክሲ የፍኖተ ሐሊብ አቧራ ብርሃኑን ስለሚቀንሰው ሳታርሚ አትቁጠሪ፤ ማረሚያው ሠንጠረዡ ውስጥ አለልሽ። እኔ አዳማ ስማር ሁሉንም ላውርድ ብዬ የኢንተርኔት ፈቃድ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። መጀመሪያ «ደብዳቤ አምጣ»። አመጣሁ። «ማህተም የለውም»። አስመታሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ጋላክሲ ተቆጥሮ ለአገር ምን ሊጠቅም ነው?» አለኝ። እስካሁን ያናድደኛል። በመጨረሻ በገዛ ገንዘቤ የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ፣ በዚያ ሙቀት መስኮት ከፍቼ፣ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን አወረድኩት።

3. ደማቆቹን ለማረጋገጫ ያዢያቸው። ከ14 እስከ 17 ባለው ክፍል፣ አንድ ማግኒቲዩድ በጨመርሽ ቁጥር ብዛቱ ወደ 4 እጥፍ ካደገ መንገድሽ ትክክል ነው። ጋላክሲዎች በእኩል ቢበተኑ የሚጠበቀው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ይቀዘቅዛል፤ ዩኒቨርስ እየሰፋ ስለሆነ የሩቆቹ ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል፣ ይደክማልም። የኔ መስመር ተስተካክሎ የወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል በ1930ዎቹ በፎቶ መስታወት ላይ ይቆጥር የነበረውን፣ እኔ አዳማ አንዲት ክፍል ውስጥ ቆጠርኩት። ግራፉን አትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ዛሬም አለ።

ግራፍሽን ከነስህተት መስመሮቹ (እያንዳንዱ ቁጥር ምን ያህል ሊዛባ እንደሚችል የሚያሳዩት) እዚሁ ለጥፊውና የት እንደሚቆረጥ አብረን እንየው። ምዕራፉን ግን እስከዚያ ለአማካሪሽ አትላኪ።