ምድጃው ጋ የሚኖረው ሽማግሌ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጓደኛዬ የካትሪን አርደንን «ዘ ቤር ኤንድ ዘ ናይቲንጌል» አዋሰችኝና በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። ታሪኩ የድሮዋ ሩሲያ ውስጥ፣ ጫካ ዳር ያለ መንደር ነው። ቫስያ የምትባል ልጅ ሌላው ሰው የማያያቸውን የቤትና የጫካ መናፍስት ታያለች፣ ምግብም ትሰጣቸዋለች። እንጀራ እናቷም ታያቸዋለች፤ እሷ ግን ሰይጣን ናቸው ብላ ትጮኻለች። ከዚያ አንድ ቄስ ይመጣና ሕዝቡ ለመናፍስቱ መስጠቱን እንዲተው ያደርጋል፣ ብርዱም እየከፋ ይሄዳል። በጣም ወደድኩት፤ ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። መናፍስቱን ደራሲዋ ከራሷ ፈጥራቸው ነው ወይስ ሰው እውነት ያምንባቸው ነበር? ደግሞ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ በቄሱ በኩል መምጣቱ ቅር አሰኘኝ። ሃይማኖታችንን መንካቷ ነው እንዴ? መጀመሪያ ላይማ በስሞቹ ብዛት ልተወው ነበር።
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን መጽሐፍ ደብረ ብርሃን ሆኖ ማንበብ መታደል ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የብርድ መንፈስ ሞሮዝኮ፣ ስሙ ውርጭ ማለት ነው። ጠዋት በር ስትከፍቺ ሳሩን ነጭ አድርጎ የሚጠብቅሽ ያው ውርጭ፣ እዚያ ሰው ሆኖ ይናገራል።

ደራሲዋ አልፈጠረችውም። አሌክሳንደር አፋናስዬቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰብስቦ ባሳተማቸው የሩሲያ ተረቶች ውስጥ አለ። እንጀራ እናት የባሏን ልጅ ጫካ አስወስዳ ታስጥላታለች። ውርጭ እየተጠጋ «ይሞቅሻል ወይ?» ይላታል፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ይሞቀኛል» ትለዋለች። ያዝንላትና የፀጉር ካባና ሀብት ሰጥቶ ይሸኛታል። ሀብቱን ብላ የተላከችው የእንጀራ እናቲቱ ልጅ ግን ትሰድበዋለች፣ እዚያው ደርቃ ትቀራለች። መጽሐፉም የሚከፈተው ሞግዚቷ ዱንያ ምድጃው አጠገብ ሆና ይህንኑ ተረት ስታወራ ነው።

የቤቱ መንፈስ ዶሞቮይም እውነተኛ የሕዝብ እምነት ነው። «ዶም» ቤት ማለት ነው። የሩሲያ ምድጃ እንደኛ ጉልቻ አይደለም፤ ከሸክላ ወይም ከጡብ የሚሠራ ትልቅ ነገር ነው፣ ሽማግሌና ሕፃን ላዩ ላይ ይተኛበታል። ዶሞቮይ የሚኖረው እዚያው ምድጃ ጋ ነው፤ ዳቦ ይተዉለታል። ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር ደግሞ አሮጊቷ ከአሮጌው ምድጃ ፍም በማሰሮ ይዛ «ና አብረኸን ሂድ» ብላ ትጋብዘዋለች። ይህንን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ቡናዋን ከመቅዳቷ በፊት ከቆሎው ቆንጠር አድርጋ ረከቦቱ ዙሪያ ትበትን ነበር። ለማን ነው ስላት «ለአድባሯ» ትለኛለች። እሑድ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ የሚቀድማት የለም። እሷ ዘንድ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ሩሲያም በ988 እ.ኤ.አ. ተጠመቀች ይባላል፤ ይህ ታሪክ የሚሆነው ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶም ዳቦው ከምድጃው ጎን አልጠፋም።

ወደ ቄሱ ልምጣ። ቅሬታሽ ይገባኛል፤ መጽሐፉ ሃይማኖትን ይነካል በሚለው ግን አልስማማም። ኮንስታንቲን ሥዕለ አድኅኖ የሚሥል፣ እጁ የተባረከ ወጣት ነው። ችግሩ የሰው ዓይን እሱ ላይ እንዲሆን መፈለጉ ነው። ሕዝቡን በፍርሃት ይይዛል። የእግዚአብሔር ድምፅ መሰለኝ ብሎ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ የእግዚአብሔር እንዳልሆነ አንቺም አይተሻል። የቫስያን ወንድም ሳሻን ግን ልብ በይው፤ መንኩሶ የሚገባው ወደ ራዶኔዙ ሰርጊዮስ ገዳም ነው። ሰርጊዮስ በታሪክ የነበረ፣ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በቅድስና የምታከብረው አባት ነው። ደራሲዋ ምንኩስናን በክብር ነው የጻፈችው።

እኔን አንጀቴን የበላችው እንጀራ እናቷ አና ናት። ብዙ አንባቢ በክፋቷ ብቻ ያስታውሳታል። እኔ ሳነባት ግን ያየኋት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ብቻ የሚያስፈራት ነገር የሚለቃትን፣ ገዳም ልግባ እያለች የለመነችውን ልጅ ነው። ሰሚ አጥታ ለማታውቀው ባል ተዳረች። እሷና ቫስያ የሚያዩት አንድ ነገር ነው። ቫስያ ምድጃው ጋ ያለውን ጺማም ሽማግሌ በዱንያ ተረት አውቃው ነው ያደገችው፣ ስለዚህ ዳቦ ታቀርብለታለች። አናን ግን ማንም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሄ እንዲህ ነው ያላት የለም። በፍርሃት ብቻዋን ኖራ፣ ፍርሃቷን ልጅቷ ላይ ታወርደዋለች። ከመጽሐፉ ሁሉ ይህ ነው ውስጤ የቀረው።

ስሞቹ እኔንም አስቸግረውኛል፤ ቫሲሊሳም፣ ቫስያም፣ ቫሶችካም አንድ ሰው ናት። ፔትሮቭና ማለት ግን የፒዮትር ልጅ ነው፣ በአባት ስም ለምንጠራ ለኛ ይሄ ይቀላል። መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ብታዪው ኖሮ ባልደከመሽ።

ይህ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ነው፣ ሁለት ተከታይ አለው። በሁለተኛው ቫስያ ወንድ መስላ ሞስኮ ትገባለች፤ ሦስተኛው በ1380 እ.ኤ.አ. እስከተደረገው የኩሊኮቮ ጦርነት ይደርሳል። ወደነሱ ከመሄድሽ በፊት ግን፣ መጽሐፉን ለጓደኛሽ ሳትመልሺ፣ አና ሞስኮ እያለች ከሠርጓ በፊት ያለውን ክፍል አንዴ ደግመሽ አንብቢልኝ። ከዚያ ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ።