የአልፒን ኤ110 የኋላ ጎማዎች ቀጥ ብለው ሲቆሙ

ጥያቄ፦ «ፈረንሳይ ውስጥ የቆዩ መኪናዎች በሚጠገኑበት ጋራዥ እሠራለሁ። የአንድ ደንበኛችን የ1972 ሞዴል አልፒን ኤ110 1600ኤስ የኋላ ሞላዎች ደክመው ስለነበር፣ ከሾክ አብዞርበሮቹ ጋር በአዲስ ቀየርናቸው። መኪናዋ ከኋላ ከፍ አለች፣ ጎማዎቿም ቀጥ ብለው ቆሙ። አሁን ግን ኩርባ ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ከኋላ በድንገት ታመልጣለች። አላይመንት የሠራልን ሰው የፊቷ ልክ ነው ብሎናል። ምን እንፈትሽ?»

መልስ፦ የፊቷን ይተዉት። «ቀጥ ብለው ቆሙ» ያሉት ነገር ራሱ ነው ችግሩ።

የዚህች መኪና ሰሚያሶች፣ ማለትም ኃይልን ከካምብዮው ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሱት ዘንጎች፣ የሚታጠፉት ካምብዮው ጎን ብቻ ነው፤ ጎማው ጋ ሲደርሱ መታጠፊያ የላቸውም። ስለዚህ ጎማው ከሰሚያሱ ጋር አንድ ሆኖ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያጋድላል። የመኪናዋ ኋላ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ዝቅ ሲል ከታች ይከፈታሉ፣ አናታቸውም ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ኩርባ ላይ በውጭ በኩል ያለው ጎማ መሬቱን ሲይዝ በሰሚያሱ አማካይነት የመኪናዋን አካል ወደ ላይ ይገፋል። በዚያው ቅጽበት እግር ከነዳጅ ከተነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላዋ ጭራሽ ይነሳል፣ ጎማው ከሥሯ ታጥፎ በጠርዙ ብቻ ይቀራል። ሞተሩ ያለው ከኋላ ስለሆነ ከዚያ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ይህ አሠራር የመጣው ከሬኖ ነው። የዲየፑ ነጋዴ ዣን ሬዴሌ በትንሿ ሬኖ 4ሲቪ ይወዳደር ነበር፤ አልፒንን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲመሠርትም የመጀመሪያ መኪናውን የሠራው በእሷ ዕቃ ላይ ነው። በ1962 የወጣችው ኤ110 ደግሞ የሬኖ 8ን ዕቃ ወሰደች። ከብረት ሻንሲ በላይ ያለው አካል ፋይበርግላስ በመሆኑ 700 ኪሎ አካባቢ ብቻ ትመዝናለች፤ የእናንተዋ 1565 ሲሲ ሞተር ደግሞ 138 የፈረስ ጉልበት አለው። ለራሊ እንድትሆን ያደረጓት ሰዎች ኋላዋን ዝቅ አድርገው፣ ጎማዎቹን በግልጽ እንዲያዘነብሉ አድርገው ነው በጠባብ የተራራ መንገድ ያሽከረከሯት። በ1971 ኦቭ አንደርሰን የሞንቴ ካርሎ ራሊን አሸነፈባት። በ1973 አንድሩዌ፣ አንደርሰንና ኒኮላ በዚያው ውድድር ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ገቡ፤ አልፒንም የመጀመሪያውን የዓለም ራሊ ሻምፒዮና በአምራችነት ወሰደች። እንደ ጉድለት የሚታየው ያ ዝንባሌ ነው እዚያ ያደረሳት፤ ስለዚህ ጎማዎቹን ለማቃናት እባክዎ አይሞክሩ።

ወደ ሥራው እንግባ። በክሪክ ተነስታ የወረደች መኪና ላይ ምንም አይለኩ። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰቡ፣ ስትወርድ እዚያው ይቀራሉ፤ ብዙ የተሳሳተ ልኬት የሚመጣው ከዚህ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ሜትሮች ገፋ ገፋ አድርጓት፣ ኋላዋን ተጭናችሁ ልቀቁ። የአሽከርካሪውን ያህል ክብደት ወንበሩ ላይ አድርጉ፣ ነዳጅም ይኑራት። ከዚያ ከፍታዋንና ካምበሩን (የጎማውን ዝንባሌ) በሁለቱም ጎን ለኩና ከሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ስታነሷት ደግሞ ክሪኩን ከብረቱ በታች እንጂ ከፋይበርግላሱ በታች እንዳታደርጉ።

ከፍታዋ ከልኩ ካለፈ አዲሶቹ ሞላዎች የእሷ አይደሉም፤ ረዝመዋል ወይም ጠንክረዋል። ከአሮጌዎቹ ጋር ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩአቸው፣ ግን የደከመ ሞላ ስለሚያጥር ለመወሰን የፋብሪካውን ልክ ተጠቀሙ። አዲሱን ሞላ ቆርጦ ማሳጠርን አልመክርም፤ ትክክለኛውን አስመጡ። ሾክ አብዞርበሮቹንም አትርሱ። ሲዘረጉ ከቀድሞዎቹ የሚረዝሙ ከሆነ ጎማው ከሚገባው በላይ እንዲወርድ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ብቻውን መኪናዋን አደገኛ ሊያደርጋት ይችላል።

ሁለቱ ጎኖች ካልተመሳሰሉ የካምብዮውን መያዣ ጎሚኒዎችና የሰሚያሶቹን መያዣዎች ፈትሹ። የጎማ ንፋስም ከኋላ ከፊቱ በለጥ ማለት አለበት፤ እኩል ከሞላችሁት አሁን አስተካክሉት።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ደንበኛው መኪናዋን እንዳይወስዳት። ከተስተካከለች በኋላም ለእሱ በግልጽ ንገሩት፦ ፍጥነቱን ኩርባው ከመድረሱ በፊት በፍሬን ይቀንስ፣ ኩርባው ውስጥ እግሩን ከነዳጁ ላይ በድንገት አያንሳ።