«ባለ አምስት ኪሎ ጀሪካን» ይባላል?

ጥያቄ፦ እናቴ ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዳ ማር በኪሎ ተዋዋለች። «ባለ አምስት ኪሎ» የምንለውን የዘይት ጀሪካን አስሞላች። ነጋዴው መዝኖ የ7 ኪሎ ሂሳብ ጠየቃት። «አምስት የሚይዝ ጀሪካን እንዴት ሰባት ይሆናል?» ብላ ተጣልታ ተመለሰች። አጠራራችን ነው ስህተቱ ወይስ ሰውየው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አጠራሩ ነው። ሰውየው አላጭበረበረም፤ እናትዎ ዳግም ካገኙት ይቅርታ ቢሉት ደስ ይለኛል። ጀሪካኑ የሚይዘው 5 ሊትር ነው። ሊትር ዕቃው ምን ያህል እንደሚይዝ ይነግረናል፤ ኪሎ ደግሞ የተያዘው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ። ሁለቱ የሚገጥሙት ውሃ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ወተትም ብዙ ስለማይርቅ «አንድ ኪሎ ወተት» ብንል ማንም አይጎዳም። ዘይት ግን ይቀላል፤ 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ገደማ ነው። ማር ይከብዳል፤ አንዱ ሊትር 1.4 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በአምስት ሲባዛ ሰባት! ባዶው ጀሪካን ግን አስቀድሞ ተመዝኖ መቀነስ አለበት።

የሚቆጨኝ፣ አማርኛችን ይህን ልዩነት ድሮውኑ አበጥሮ የያዘ መሆኑ ነው። እህል ይሰፈራል፣ ቅቤ ይመዘናል፣ አቡጀዲ ይለካል። ቁናና ጣሳ የስፍር ናቸው፤ ወቄትና ፈረሱላ የሚዛን። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» እንላለን እንጂ በቁና መመዘን የሚል ሰው የለም። ኪሎ ሲመጣ ግን ሁሉንም በአንድ አፍ ጠራነው።

ከኪሎም ይልቅ ሰው የሚያጣላው ኩንታል ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ አለቀ። እኛ ግን ጆንያውንም ኩንታል አልነው፤ «ባዶ ኩንታል አቀብለኝ» እንላለን። ጤፍ ነጋዴ ኩንታል ሲል 100 ኪሎውን ነው። ከሰል ሻጭ ኩንታል ሲል ግን ጆንያውን ነው። ከሰል ቀላል ስለሆነ ጆንያው ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ 100 ኪሎ አይደርስም። ገዢው ተበላሁ ይላል፤ ሻጩ ሙሉ ሰጠሁ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ከረጢቱን ጆንያ ወይም ማዳበሪያ በሉት፤ ኩንታልን ለሚዛን ተዉለት። «ሁለት ጆንያ ከሰል» ያለ ሰው ከማንም ጋር አይካሰስም።