አባትሽን ወደ አዋሽ ጣቢያ ልትወስጂ ከሆነ ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። «አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ሳይደክም የአዋሽን የድሮ ጣቢያ ላሳየው እፈልጋለሁ። በባቡር ይደረሳል? እዚያስ ምን አለ?» ነው ያልሽው። እኔም የራሴን አባት ካቻምና ወስጄዋለሁ። የደረሰብንን ልንገርሽና አንቺ ላይ አይድረስ።

1ኛ፦ አዲሱ ጣቢያና የድሮው ጣቢያ አንድ አይደሉም። ይህችን አደራ ያዢልኝ። የኤሌክትሪኩ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የአባትሽ ጣቢያ ግን እዚያው አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ውስጥ ነው። ስንሄድ ምንም አልቸገረንም። ጉዱ የመጣው ስንመለስ ነው። ለባጃጁ ልጅ «ባቡር ጣቢያ ውሰደን» አልኩት። በአዋሽ ሰው አፍ ባቡር ጣቢያ ማለት የድሮው ነው። ልጁ ምን ያድርግ፣ ወስዶ የዛገው ፉርጎ ፊት አወረደን! ዞረን አዲሱ ጋ ስንደርስ ባቡሩ ሄዷል። ባቡሩ ደግሞ በየቀኑ የሚገኝ አይደለም። አባቴ የሚያመው ጉልበቱን አጥፎ በሚኒባስ ተጨናንቆ ነው አዲስ አበባ የገባው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ «አዲሱ ባቡር ጣቢያ» በይ፤ የመመለሻውንም ቀን ቀድመሽ አጣሪ።

2ኛ፦ ፎቶ። አንድ ቢሮ ገብቼ በትሕትና ፈቃድ ጠየቅኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ከየት? «ከሚመለከተው።» አባቴ በዚያ የአዋሽ ሙቀት ውጭ ቆሟል። ዕድሜውን ለሃዲዱ የሰጠ ሽማግሌ ወንበር እንኳ አልቀረበለትም። ይህን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። አንቺ ከቻልሽ ደብዳቤውን ከአዲስ አበባ አስጽፈሽ ሂጂ፤ የአባትሽንም የድሮ መታወቂያ ያዢ።

3ኛ፦ «ምን አለ?» ላልሽው፣ ቲኬት የሚቆርጥ የለም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የነበረው የድሮ ጉዞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቆሟል። ሕንፃው አለ፣ ሃዲዱ አለ፣ አጠገቡ ያ የታወቀው ቡፌ፣ የመንገደኛው መብያና ማደሪያ ቤት፣ አለ። ቡፌው ለጌጥ የተሠራ እንዳይመስልሽ። በጥንት ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ያድራል። አዋሽን ከተማ ያደረጋት ይኸው ማደሪያነቷ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ መድረሱን የልጆቹን ልደት እንደሚቆጥር ይቆጥረዋል። 784 ኪሎ ሜትሩን በቃሉ ይዞታል። ከበረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጠን «ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ» ብሎ ሳይሳሳት ወረደው። የሻይ ብርጭቆውን እንኳ አልነካም። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሃዲዱ ሄደ። በዝግታ ጎንበስ አለና ብረቱን በመዳፉ ዳሰሰው። ፀሐይ አግሎታል፤ እሱ ግን እጁን አላነሳም። «አንድ ሜትር ነው ስፋቱ» አለኝ። «የአዲሱ ይሰፋል። ይህችን ግን እኛ ነን የያዝናት።»

አንድ ነገር ተዘጋጂበት። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሃዲድ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። አባትሽ በዚያ ዘመን ሥራ ላይ ከነበረ ማስታወሱ አይቀርም። አባቴ ወደ ገደሉ በኩል ሲያይ ዝም አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ በሞኝነት «ምን ሆንክ?» እያልኩ ነዘነዝኩት። አንቺ ዝም ብለሽ አጠገቡ ቁሚ።

ከተቻለሽ ቅዳሜ ሳይሆን ሰኞን የሚያካትት ጉዞ ያዢ፤ የሰኞ ገበያው ከጣቢያው ብዙም አይርቅም፤ አፋሩም ከረዩውም ይወጣል። ውሃ በብዛት፣ ለአባትሽ ባርኔጣ፣ ለመቀመጫ የምትታጠፍ ወንበር። ቀኑን ስትቆርጪ እዚሁ ጻፊልኝ። ያን የባጃጅ ልጅ አገናኝሻለሁ፤ አሁን ሁለቱንም ጣቢያ ለይቶ ያውቃል።