መልስ፦ ራግቢ በ17 ዓመት ለመጀመር ይረፍዳል?

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ማርቆስ ያለችው እህትህ ራግቢ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበትን ጨዋታ) በስልኳ አይታ ልቧ እንደተነሳ ጽፈህ፣ «17 ዓመቷ ነው፣ አልረፈደባትም?» ብለሃል። ኧረ ምኑ ይረፍዳል!

አሜሪካዊቷ ኢሎና ማኸር ራግቢን የጀመረችው ልክ በዚሁ ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት ቅርጫት ኳስ፣ ሶፍትቦልና የሜዳ ሆኪ ትጫወት ነበር (ሆኪ እንግዲህ የኛው የገና ጨዋታ ዘመድ በለው)። አባቷ ራግቢ ተጫዋች ስለነበር ለቤቱ እንግዳ አልነበረም። ኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ ተጫውታ ብሔራዊ ቡድን ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ አገኘች። ያን ግጥሚያ ፈልገህ አሳያት። አውስትራሊያ 12 ለ7 እየመራች፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የማኸር የቡድን ጓደኛ አሌክስ ሴድሪክ ከራሷ ሜዳ ኳሷን ይዛ በረረች፤ አሜሪካ 14 ለ12 አሸነፈች። እኔ ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ።

ሩቅ አገር ነው ካልክ፣ የጎረቤታችን የኬንያ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ተሰልፈዋል።

ኦሎምፒክ ላይ ያለው የሰባት ሰው ራግቢ ነው፤ ግማሹ 7 ደቂቃ ብቻ፣ ግን ሩጫው አያስተነፍስም። ኳስ በእጅ ወደፊት አይወረወርም፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ። መጀመሪያ ኳስ የያዘችውን ጥሎ ሳይሆን በእጅ ነክቶ ብቻ የሚያስቆሙበትን ይልመዱ፤ አምስት ስድስት ጓደኞቿና አንድ ኳስ ይበቃሉ። ተጋጣሚን ይዞ መጣሉን ግን ከቪዲዮ እንዳትማር፤ የሚያውቅ አሰልጣኝ አጠገቧ ይቁም፣ አንገት ቀልድ አይደለም።

እስካሁን ምን ስፖርት ሠርታለች? ሯጭ ከሆነች ንገረኝ።