ሰውን «አፈር» ብሎ መጥራት?

ጥያቄ፦ አባቴ በ1970ዎቹ ኪየቭ ነው የተማሩት። የዚያን ጊዜ ጓደኞቻቸውን ሲያገኙ እስከ ዛሬ «ዜምልያክ!» እያሉ ነው የሚያቅፏቸው። ቃሉ ከ«ዜምልያ» የመጣ ነው፣ ዜምልያ ደግሞ አፈር ማለት ነው አሉኝ። ሰው እንዴት በአፈር ይጠራል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አባትሽ ልክ ናቸው፤ ግን ዜምልያ አፈር ብቻ አይደለም። በሩሲያኛም በዩክሬንኛም ገበሬው የሚያርሰው መሬት፣ መርከበኛው ከሩቅ አይቶ የሚጮህለት የብስ፣ አገር፣ የምንኖርባት ፕላኔትም ሳትቀር ያው ዜምልያ ነው። እኛስ «ምድር» ስንል ስንቱን ነገር ነው የምንልበት! ዜምልያክ እንግዲህ የአንድ ምድር ሰው፣ ቁርጥ የእኛ «የአገሬ ልጅ» ነው። በሰው አገር፣ በዚያ ብርድ፣ እንዲህ ተብሎ መጠራት ምን ያህል አንጀት እንደሚያርስ አባትሽን ጠይቂያቸው።

ሥሩ ሩሲያኛና ዩክሬንኛ ከሚመደቡባቸው ከስላቭ ቋንቋዎች ራሳቸው በዕድሜ ይበልጣል፣ በጣም አሮጌ ነው። የሊትዌንያው «ዜሜ» እና የፋርሱ «ዘሚን» ዘመዶቹ ናቸው። የላቲኑ «ሁሙስ»ም እንደዚሁ፣ አፈር ማለት ነው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው፦ ላቲኖች ሰውን «ሆሞ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው፣ የምድር ፍጥረት እንደማለት። ዕብራይስጥ ከእነዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ እዚያም ግን ሰው «አዳም»፣ አፈር «አዳማ» ነው። ስለዚህ ሰውን በአፈር መጥራት አባትሽ ጋ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ዜምልያ ውስጥ ያለችው «ል» ኋላ የገባች ናት። ድሮ «ዜምያ» ነበር፤ ስላቮቹ ከ«ም» ወደ «ያ» ሲሻገሩ ምላሳቸው «ል» ጨመረበት። ቡልጋሮች ዛሬ ያለ «ል» ዜምያ ነው የሚሉት።

አባትሽ በተማሩበት ዘመን ግን ቃሉ የፖለቲካም ቃል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 የሩሲያ አብዮተኞች «ዜምልያ ለገበሬው» ብለው ተነሱ፤ እኛም አገር በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ያ ትውልድ ኪየቭ ደርሶ ዜምልያ የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ አገሩ የተወው ጥያቄ ትዝ ሳይለው የሚቀር አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ለሴት ሲሆን «ዜምልያችካ» ነው። ዛሬ ማታ አባትሽ እንዲህ ብለው ይጥሩሽ።